መጥፋት የነበረበት ብርሃን

እናቴ ስለ ሥራዬ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። "በራ?" ትለኛለች። እሷ የቡናውን ብረት ምጣድ ሳታወርድ፣ እኔም ጫማዬን ሳላወልቅ። በራ?

ጥፋቱ የኔ ነው። አንድ እሑድ ሥራዬን ላስረዳት ብዬ፣ "እማዬ፣ ሴል ውስጥ ያለች አንዲት ፕሮቲን ላይ የሚያበራ ነገር ለጥፌ በማይክሮስኮፕ አያታለሁ" አልኳት። ከዚህ ሁሉ "የሚያበራ" የምትለዋን ብቻ ይዛ ቀረች። አልፈርድባትም። እኔም ለረጅም ጊዜ የያዝኩት እሷኑ ነበር፤ ከበራ ቀኔ ይሰምራል፣ ካልበራ ራት አልበላም። ባለፈው ግንቦት ግን አንዲት ስላይድ፣ ሴሎቹን ዘርግቼ የማይባት ቁራጭ መስታወት፣ መጥፋት ሲገባት ቦግ ብላ ሳምንቴን አበላሸችው። የምጽፈው ስለሷ ነው። ነገሩ ረዘም ይላል፣ ቡና ካላችሁ ይዛችሁ ኑ።

መጀመሪያ ፕሮቲኗን ላስተዋውቃችሁ። ኑክሊዮፎስሚን ትባላለች። ስሟ ምላስ ያስራል፣ ላብራቶሪ ውስጥ ኤንፒኤም1 ብለን እንገላገላለን። 294 አሚኖ አሲዶች በሰንሰለት ተያይዘው የሠሯት ናት። አብዛኛውን ጊዜ የምትገኘው በሴሉ ኒውክለስ ውስጥ፣ ኑክሊዮለስ በምትባለው፣ ሪቦዞም የሚባሉት የሴሉ ፕሮቲን ፋብሪካዎች በሚሠሩባት ሰፈር ነው። አርፋ የምትቀመጥ ግን አይደለችም። ከኒውክለስ ትወጣለች፣ ትገባለች፣ እንደ ባጃጅ ስትመላለስ ትውላለች።

ከሥራዎቿ አንዱ ሂስቶን ማጀብ ነው። ይሄ እንዲገባን ክሩን እናስብ። በአንድ ሴላችን ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ቢዘረጋ 2 ሜትር ገደማ ይሆናል። የሚቀመጠው ግን የአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ በምታክል ኒውክለስ ውስጥ ነው። ስለዚህ ይጠቀለላል። የሚጠቀለለው ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ ነው፤ ስምንት ስምንት ሆነው ይገጥሙና እንደ ሸማኔ ቀሰም ይሆናሉ፣ በየቀሰሙ ላይ 147 የዲኤንኤ ፊደል ጥንዶች ሁለት ዙር ሳይሞሉ ይጠመጠማሉ። ችግሩ ሂስቶን ፖዘቲቭ ነው፣ ዲኤንኤ ደግሞ ነጌቲቭ። እንዲሁ አንድ ላይ ብትጥሏቸው ተንሰፍስፈው ይጣበቃሉ፣ ግን በወግ አይጠመጠሙም፣ ይጓጉላሉ። መሃል ገብቶ "ቆይ፣ ቀስ" የሚል ሦስተኛ ወገን ያስፈልጋል።

በ1978 እ.ኤ.አ. ሮን ላስኪና ባልደረቦቹ፣ ዜኖፐስ ከምትባል የአፍሪካ እንቁራሪት እንቁላል ውስጥ ይህንን ሥራ የምትሠራ ፕሮቲን አገኙ። ኑክሊዮፕላስሚን ትባላለች፣ የኔዋ የሥጋ ዘመድ ናት። ሥራዋን ሲገልጹ "ሞለኪውላዊ ሻፐሮን" አሏት። ሻፐሮን በድሮው የእንግሊዞች ወግ ኮረዳ ልጅ ግብዣ ስትሄድ ያልሆነ ነገር እንዳይፈጠር አብራት የምትሄድ ትልቅ ሴት ናት። ላስኪ ባሕር ዳር ቢያድግ ኖሮ ሚዜ ይላት ነበር፤ ስለዚህ ነገር ከማንም ጋር ለመከራከር ዝግጁ ነኝ።

ሦስት ጊዜ ሚዜ ሆኛለሁ፣ አስተያየት የመስጠት መብት አለኝ። ሙሽሮቹ ጣና ዳር ፎቶ ሲነሡ ቬሎው ጭቃ እንዳይነካው ጫፉን ይዛ ራሷ ጭቃ የምትረግጠው ማን ናት? ሚዜ። ሙሽራዋን ታለብሳለች፣ ላቧን ትጠርጋለች፣ አጉል ዘመድ ሊጠመጠምባት ሲል መሃል ትገባለች፣ ከዚያ ሙሽራው ጋ አድርሳ ቤቷ ትሄዳለች። በማግስቱ ጎጆው ውስጥ ብትፈልጓት የለችም። ሻፐሮን ፕሮቲንም እንዲሁ ናት። ሂስቶንና ዲኤንኤ ከተጋቡ በኋላ በተሠራው ነገር ውስጥ አትገኝም።

አሁን ወደ ማኅተሙ። ፕሮቲን ከተሠራ በኋላ ሴሉ ፎስፌት የምትባል ትንሽዬ ነገር ይለጥፍበታል፣ ሲያሻው ደግሞ ያነሣታል። ለጣፊዎቹ ኪኔዝ፣ አንሺዎቹ ፎስፋቴዝ ይባላሉ። ይህን መለጠፍና ማንሣት ያገኙት ኤድሞንድ ፊሸርና ኤድዊን ክሬብስ በ1992 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልመውበታል። ቢሮ ለቢሮ ጉዳይ ስታስፈጽሙ የዋላችሁ ሰዎች ነገሩ ወዲያው ይገባችኋል። ደብዳቤው ተጽፏል፣ ተፈርሟል፣ ማኅተም ግን የለውም። ማኅተም ሲያርፍበት አንድም ፊደል አይለወጥም፣ ያው ወረቀት ነው። በሩ ግን ይከፈታል።

ሚዜዋ ላይም ይታተማል። ሴሉ ለመከፈል ሲሰናዳ ሲዲኬ2 የሚባል ኪኔዝ 199ኛው አሚኖ አሲዷ ላይ ማኅተሙን ያሳርፋል፤ ትሪዮኒን የሚባለው ላይ። በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንዳሳየው ማኅተሙ ሲያርፍባት ሴንትሮሶም የሚባለውን፣ ሴሉ ሲከፈል ክሮሞዞሞቹን ለማካፈል የሚያግዘውን ክፍል፣ ለቅቃ ትሄዳለች፣ እሱም መባዛት ይጀምራል። ሴሉ ለሁለት መከፈል ሲይዝ ደግሞ ሲዲኬ1 የሚባል ሌላ ኪኔዝ እዚያው ቦታ ላይ ያትማል። ስለዚህ "ፕሮቲኗ አለች ወይ?" ብሎ መጠየቅ ብዙም አይጠቅምም። ሁልጊዜም አለች። ጥያቄው "ታትሞባታል ወይ?" ነው።

(ፎስፌት ለጎጃም ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ስሙ ዳፕ ነው፣ በኩንታል ነው የሚያውቀው። ዝናቡ ከማሳው አጥቦ ጣና የሚያስገባው ፎስፌትና ናይትሮጅን፣ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሐይቁ ላይ የሰፈረውን እምቦጭ ያደልበዋል። አባቴ አንዲት ፎስፌት ፍለጋ በማይክሮስኮፕ ዓይኔን እንደማጠፋ ሲሰማ፣ "ሐይቁ ሙሉ አይደል እንዴ?" ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ። ነገሩ ቀልድ እንዳልነበር የገባኝ ከወራት በኋላ ነው።)

ማኅተሙን የሚያየው አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲ ሰውነታችን ባዕድ ነገር ሲገባበት የሚሠራው ፕሮቲን ነው፣ ቅርጹ ባላ እንጨት ይመስላል፣ በሁለቱ ጫፎቹ ይይዛል። የኔው የተሠራው በጥንቸል ነው። ከሚዜዋ ላይ 199ኛዋ ቦታ ያለችበትን አጭር ቁራጭ፣ ማኅተሙ እንዳረፈባት ሠርተው ጥንቸሏን ይወጓታል። ጥንቸሏም አንቲቦዲ ታመርታለች። ከደሟ ከወጣው ውስጥ ማኅተም የሌለበትንም ቁራጭ የሚይዙት ተለይተው ይጣላሉ። የሚቀሩት ደብዳቤውን ብቻ አይተው የማይረኩ፣ ማኅተሙ በትክክለኛው ቦታ መኖሩን አይተው የሚይዙ ናቸው። ጥሩ መዝገብ ቤት ሠራተኛ እንዲህ ነው።

ከዚያ ቀለም ይለጠፍበታል። ሰማያዊ ብርሃን ታበሉታላችሁ፣ አረንጓዴ ይመልስላችኋል። የበላውን ሁሉ አይመልስም፣ ጥቂት ጉልበት ውስጡ ያስቀራል፤ ለዚህ ነው የሚመልሰው ቀለም የሚለወጠው። የኔው 490 ናኖ ሜትር አካባቢ ይበላል፣ 520 አካባቢ ይመልሳል። ባንክ ቤት ብር ወደ ሐምራዊ መብራት ሲጠጋ ክሮቹ ቦግ ሲሉ ያየ ሰው ነገሩን አይቶታል። በኦሞ የታጠበ ነጠላም እንዲሁ ያበራል። ይሄን የማውቀው ከመጽሐፍ አይደለም፤ ስላይዴ ላይ አንድ ቀን በሰማያዊው ማጣሪያ ስመለከት እንደ ዐባይ የተጠማዘዘ የሚያምር ደማቅ ነገር አየሁና ልቤ ቆመ፣ የነጠላዬ ክር ነበር።

አንቲቦዲ ላይ የሚያበራ ቀለም ለመጀመሪያ ጊዜ የለጠፈው አልበርት ኩንስ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ነው፣ በ1941 እ.ኤ.አ.። የመጀመሪያው ቀለሙ ሰማያዊ ነበር የሚያበራው። ችግሩ የሰውነት ሥጋ ራሱ፣ ምንም ሳይቀባ፣ ሰማያዊ ነገር ያበራል። የቱ የአንቲቦዲው፣ የቱ የሥጋው እንደሆነ መለየት አስቸገረ። ስለዚህ ወደ አረንጓዴው ፍሎረሲን ዞሩ። እንግዲህ ይህ ጥበብ ገና ሲወለድ ጀምሮ ነው "ይሄ ብርሃን የማን ነው?" የሚል ጥያቄ አብሮት የተወለደው። ትምህርት ላይ ይህን ታሪክ አንድ መምህር ነግሮን ነበር። ለፈተና ዓመተ ምሕረቱን ያዝኩ።

ብልቃጧ እጄ የገባችው በጓደኛዬ በኩል ነው። ውጭ አገር አብረን የተማርን፣ እሷ እዚያው የቀረች፣ እኔ የተመለስኩ። የፕሮጀክቷ ትራፊ ነው፣ 40 ማይክሮሊትር። አንድ የውሃ ጠብታ 50 ማይክሮሊትር ያህል ስለሆነች፣ ጠብታ እንኳ አትሞላም። ይህንን ይዤ ነው ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር ዳር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ የመጣሁት፤ በረዶ ጥቅል የሞላው የሻይ ቴርሞስ ውስጥ፣ ጭኔ ላይ። ዐባይ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ ሲጨምር ቴርሞሱን በጋቢ ሸፈንኩት። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ጋቢ የለበሰ ቴርሞስ ሲያዩ፣ "የጸበል ነው ልጄ?" አሉኝ። አዎ ብዬ ዝም ብል ይሻል ነበር። ላስረዳ ሞከርኩ፣ እስከ ደጀን ድረስ የጥንቸል ነገር ሲገርማቸው ሄድን።

ቀለም ያለው አንቲቦዲ ብርሃን አይወድም፣ በረዶ ሆኖ መቅለጥም አይወድም። ቤቱ 4 ዲግሪ ፍሪጅ ነው፣ በጨለማ። ባሕር ዳር ፀሐይዋን ታውቋታላችሁ። ክፍላችን መስኮቱ ወደ ሐይቁ ነው፤ ጠዋት ላይ ታንኳ ሲያልፍ፣ ፔሊካኖቹ ዓሣ አጥማጆቹን ሲከተሉ ይታያል፣ ውብ ነው፣ ለኔ ሥራ ግን መዓት ነው። ብልቃጧን በምግብ መጠቅለያ ፎይል ጠቀለልኳት፣ መስኮቱን በጋቢ ጋረድኩት። ለማየት የሚመጡት ሁሉ ሐዘን ላይ ያለሁ መሰላቸው።

"ይሄ ሁሉ ለምን ይጠቅማል?" የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ሚዜዋ መንገድ ስትስት ምን እንደሚሆን ስለሚታወቅ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. በብሩናንጄሎ ፋሊኒ የሚመራ የጣልያን ቡድን፣ ኤኤምኤል የሚባለው ኃይለኛ የደም ካንሰር ከያዛቸው አዋቂዎች በሲሶ ያህሉ ላይ የዚህች ፕሮቲን ጂን መቀየሩን አሳየ። የተቀየረችው ኒውክለስ ውስጥ መሆን ሲገባት ውጭ ትቀራለች። የምወደው ታሪኩ የተጀመረበትን መንገድ ነው። መጀመሪያ በአንቲቦዲ ቀብተው ሲያዩ በማይሆን ቦታ ተገኘች፣ ጂኑ የተመረመረው ከዚያ በኋላ ነው። ያም ሆኖ የኔ ሥራ ሕክምና አይደለም፣ እንዲህ ያለውን ነገር እዚሁ ባሕር ዳር ማየት እንችላለን ወይ የሚል ሙከራ ነው።

ሴሎቹ ከራሴ ደም የተገኙ ናቸው። ተፈቅዶልኝ፣ ባልደረባዬ ነች የቀዳችኝ። ነጩን ለይቶ ማውጣት ቀላል ነው፣ ግን የደም ነጭ ሴል እንዲሁ ሲቀመጥ አይከፈልም፣ ካልተከፈለ ደግሞ የምፈልገው ማኅተም በበቂ አይገኝም። መቀስቀሻው ከቀይ ቦሎቄ የሚወጣ ፊቶሄማግሉቲኒን የሚባል ፕሮቲን ነው። አዎ፣ ቦሎቄ። በደንብ ያልበሰለው ሆድ የሚያሳምመው በዚሁ ነው። ሊምፎሳይት የሚባለው ሴል ሲቀምሰው ነቅቶ መከፈል እንደሚጀምር ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይታወቃል። 37 ዲግሪ ላይ 72 ሰዓት ያህል ይቀመጣል፣ መጨረሻ ላይ በመከፈል መሃል የሚያስቆም መድኃኒት ይጨመርበታል።

በሁለተኛው ሌሊት መብራት ሄደ።

ጥበቃው ጋሼ ባትሪያቸውን ይዘው መጡ። "ጄኔሬተሩስ ጋሼ?" ስላቸው፣ "ጄኔሬተሩማ አለ ልጄ፣ ናፍጣው ነው የሌለው" አሉኝ። ኢንኩቤተሩ መቀዝቀዝ ጀመረ። ምን ላድርግ? 37 ዲግሪ ያለው ሌላ ነገር በሕንፃው ውስጥ እኔና ጋሼ ብቻ ነበርን። ክዳናቸውን አጥብቄ ቱቦዎቹን ከሹራቤ ሥር አስገብቼ፣ ጋቢውን ከመስኮቱ አውርጄ ተከናንቤ፣ እንደ ዶሮ ታቀፍኳቸው። የራሴው ደም ነው፣ ወደ ቤቱ መመለሱ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ጋሼ አዩኝ፣ ምንም አላሉም፣ ሻይ አመጡልኝ። ወደ ንጋት ላይ መብራት መጣ።

ሦስት ስላይድ አዘጋጀሁ። አንደኛዋ ሴልና አንቲቦዲ። ሁለተኛዋ ሴል ብቻ፣ አንቲቦዲ የሌለባት፣ የሥጋውን የራሱን ብርሃን ለማየት። ሦስተኛዋ ላይ መጀመሪያ ፎስፋቴዝ ጨመርኩባት፣ ማኅተሙን ሁሉ እንዲያነሣ፣ ከዚያ አንቲቦዲውን። አንቲቦዲው የሚያየው እውነት ማኅተሙን ከሆነ ሦስተኛዋ መጨለም አለባት። ማኅተም በሌለበት "አየሁ" የሚል ምስክር ምን ይባላል?

ከሌሊቱ 6 ሰዓት አንደኛዋን አየሁ። በራች! በጨለማው ውስጥ ክብ ክብ አረንጓዴ፣ ከመሃላቸው ጥቂቶቹ በጣም የደመቁ፣ ልክ ከደብረ ማርያም በኩል ማታ ማታ የባሕር ዳርን መብራት ስታዩ እንደሚመስለው። በመከፈል ላይ ያሉት እነዚያ ደማቆቹ ናቸው ብዬ ወዲያው ወሰንኩ። በስልኬ በማይክሮስኮፑ ዓይን በኩል ፎቶ አንሥቼ ለጓደኛዬ በቴሌግራም ላክሁላት። "በራ!!!" ሦስት ቃለ አጋኖ።

መልሷ ወዲያው መጣ። "ሦስተኛዋስ?"

እንኳን ደስ አለሽ የለ፣ ምን የለ። ሦስተኛዋን ገና አላየኋትም ነበር። ሁለተኛዋን አስገባሁ፣ ጨለማ። ጥሩ። ሦስተኛዋን አስገባሁ። እሷም በራች። ከአንደኛዋ እኩል፣ እንዲያውም ዓይኔ ነው መሰለኝ ትንሽ በለጥ አድርጋ።

እውነቱን ልናገር። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ፣ ሦስተኛዋን ማን ጠየቀኝ የሚል ነበር። የአንደኛዋ ፎቶ ያምራል። ለሪፖርት ይሆናል፣ ለማስታወቂያ ሰሌዳ ይሆናል፣ አለቃዬ ቢያየው ደስ ይለዋል፣ እናቴም "በራ?" ስትለኝ "በራ" እላታለሁ፣ ውሸትም አይደለም። ሦስተኛዋን ሳትሠሩ መቅረት እኮ በጣም ቀላል ነው። አንቲቦዲ ይቆጥባል፣ ያለኝ ደግሞ 40 ማይክሮሊትር ብቻ ነው። ቆጣቢ ሰው መስዬም እታይ ነበር።

ለጓደኛዬ "በራች" ብዬ ጻፍኩላት፣ ያለ ቃለ አጋኖ።

"በምን አጠብሽ?" አለችኝ።

"በተለመደው። በፎስፌት ባፈር።"

ለጥቂት ደቂቃ ዝም አለች። ከዚያ አንድ የሳቀ ፊት ብቻ ላከች፣ እኔም የአባቴ ሳቅ ትዝ አለኝ። ሐይቁ ሙሉ አይደል እንዴ! ስላይዶቹን ሳጥባቸው የነበረው ውሃ ራሱ ፎስፌት የሟሟበት ነው። የተጠቀምኩበት ፎስፋቴዝ ደግሞ አልካላይን የሚባለው ዓይነት ነው፣ ዙሪያው በፎስፌት ሲሞላ ይታፈናል፣ ሥራውን ይተዋል። አንድን ጸሐፊ ማኅተም ከደብዳቤ ላይ ፍቀህ አንሣ ብሎ ልኮ፣ በመንገዱ ላይ ጆንያ ሙሉ ማኅተም እንደ መዘርገፍ ነው። ስለዚህ ሦስተኛዋ የበራችው ማኅተሙ ስላልተነሣ ሊሆን ይችላል። አንቲቦዲው ስለሚዋሽም ሊሆን ይችላል። ከሁለቱ የቱ እንደሆነ ያቺ ስላይድ ልትነግረኝ አትችልም። ይሄ ነው ያበሳጨኝ። ብርሃን ሞልቶ ምንም አይታይም።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሳምንት ጥፋቴን መቁጠር ነበር። አንድ፣ ባፈሩ። ሁለት፣ አንቲቦዲው ያለ ቦታው እንዳይለጠፍ ባዶ ቦታ መሸፈኛ ብዬ የተጠቀምኩት ከሱቅ የተገዛ የወተት ዱቄት ነው፤ ወተት ውስጥ ያለው ኬዚን ራሱ ፎስፌት የተለጠፈበት ፕሮቲን ነው፣ ለዚህ ሥራ ሲባል ከሁሉም የባሰ ምርጫ። ሦስት፣ የነጭ ደም ሴሎች፣ በተለይ ሞኖሳይት የሚባሉት፣ ቆዳቸው ላይ የአንቲቦዲን እጀታ የሚይዝ ነገር አላቸው። እነሱ ማኅተም አይጠይቁም፣ የመጣውን አንቲቦዲ በጭራው ይዘው ያስቀሩታል። አራት፣ ያ መብራት የሄደበት ሌሊት። በጋቢ ብታቀፋቸውም ብዙዎቹ ሞተዋል፣ የሞተ ሴል ደግሞ ያገኘውን ቀለም ሁሉ ይጠጣል። ደማቆቹ ብዬ ፎቶ ያነሣኋቸው፣ በመከፈል ላይ ናቸው ያልኳቸው፣ ከመሃላቸው ስንቱ ሬሳ እንደነበር እንጃ።

እንደገና ጀመርኩ። ደም፣ ቦሎቄ፣ 72 ሰዓት። ናፍጣ ራሴ ገዛሁ፣ ጋሼ ጄሪካኑን ሲያዩ "አሁን ሰው ሆንሽ" አሉኝ፣ መብራቱ ግን ያን ሳምንት አንድም ቀን አልሄደም። ማጠቢያውን ወደ ትሪስ ባፈር ቀየርኩት፣ ፎስፌት የሚባል ነገር የለበትም። ወተቱን ትቼ አልቡሚን በሚባል ሌላ ፕሮቲን ሸፈንኩ። ከእንስሳት ሕክምና ወዳጆቼ የጥንቸል ሴረም፣ አንቲቦዲ ያለበት የደሟን ውሃ፣ ለመንኩና፣ ያ አንቲቦዲ የሚይዘው የሴል ቆዳ መጀመሪያ ቀለም በሌለው የጥንቸል አንቲቦዲ እጁ እንዲሞላ አደረግሁ። የሞቱትን የሚለይ ሌላ ቀለምም ጨመርኩ። ይሄ ሁሉ በየመመሪያው ላይ የተጻፈ ነው፣ አዲስ ነገር አላገኘሁም። ግን ስንቶቻችን ነን መመሪያ ሳይቃጠልብን የምናነብ?

ሐሙስ ማታ ነበር። አንደኛዋን ሳላይ ሦስተኛዋን መጀመሪያ አስገባሁ። ብርሃኑን ከፈትኩ፣ ትኩረቱን አስተካከልኩ። ምንም። ማይክሮስኮፑ የተበላሸ መሰለኝና ወደ ሰማያዊው ማጣሪያ ቀየርኩ፤ ኒውክለሶቹ ለብቻ በቀባኋቸው ሰማያዊ ቀለም በቦታቸው አሉ፣ ተደርድረዋል። ወደ አረንጓዴው ተመለስኩ። ጨለማ። አልፎ አልፎ አንድ ሁለት ትላልቅ ክብ ነገሮች ግርጥ ያለ አረንጓዴ ያሳያሉ፣ ሞኖሳይቶቹ ሳይሆኑ አይቀሩም፣ ሙሉ በሙሉ አልተሸነፉልኝም። ሌላው ግን ጨለማ ነው፣ ደስ የሚል፣ ክረምት ላይ ጨረቃ የሌለበት የጣና ጨለማ።

ያኔ አንደኛዋን አስገባሁ። ከግንቦቱ በጣም የደበዘዘች ናት። ያ የከተማ መብራት የለም። እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ፣ ክሮሞዞማቸው መሃል ላይ የተሰለፈ ሴሎች ብቻ፣ ዙሪያቸውን አረንጓዴ ጭጋግ የመሰለ ነገር ሞልቷቸዋል። ቆጠርኳቸው፣ አሥራ ሁለት ናቸው። ፎቶው ለማስታወቂያ ሰሌዳ አይሆንም። ለጓደኛዬ ሁለቱንም ጎን ለጎን አድርጌ ላክሁላት፣ "አሁን እንኳን ደስ አለሽ" አለችኝ።

ብልቃጧ ውስጥ የቀረኝ ለአንድ ሁለት ሙከራ ቢበቃ ነው። በፎይሏ ጠቅልዬ ፍሪጅ መለስኳት፣ ጋቢውን ከመስኮት አወረድኩ፣ ባጃጅ ይዤ ቤት ገባሁ። ሽታው ከበር ጀምሮ ተቀበለኝ፣ እናቴ የዘጌ ቡና እየቆላች ነው።

"በራ?" አለችኝ።

"ጠፋ፣ እማዬ! ጠፋ!" አልኳት፣ እየሳቅሁ፣ አንገቷን አቅፌ።

ብረት ምጣዱን ከእሳቱ ላይ አወረደች። ፊቴን አየችው፣ ግንባሬን በመዳፏ ዳሰሰችው፣ ትኩሳት እንዳለብኝ ይመስል።

"አይዞሽ ልጄ" አለችኝ። "ነገ ይበራል።"